ልጆቻችን ምን ያያሉ? ከማንስ ጋር?

በዚህ እትም ስለ ቤተሰብ በጀት የጀመርነውን ልንቀጥል አስበን ነበር። ነገር ግን ከስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ፣ በሰው እጅ የተላከ አንድ ደብዳቤ ስለ ደረሰን በጀቱን ለጊዜው አቆይተነዋል። ደብዳቤው የባልና የሚስት ነው። የወረቀቱን ፊት እህታችን፣ ጀርባውን ወንድማችን ጽፈውበታል። የተስማሙት በአንድ ፖስታ አሽገው ለመላክ ብቻ ይመስላል፤ ይህም ቢሆን ቀላል ስምምነት አይደለም።

እህታችን እንዲህ ትላለች። አዲስ አበባ ያለች ታናሽ እህቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ሥዕል ሙዚየም ሄዳ ነበር። እዚያም ለቤተሰብ የተመረጡ አጫጭር ፊልሞች ታይተው፣ ወላጅና ልጅ ስላዩት ተነጋግረው፣ ልጆቹ ወረቀትና ቀለም ተሰጥቷቸው ሲሥሉ ቆይተዋል። «እኛስ ለምን አናደርገውም? አዳራሽ አለን፤ ነጭ አንሶላ አለን፤ ፕሮጀክተር የሚያውሰን ሰው አይጠፋም» ትላለች። ይህን የምትጠይቅበትን ምክንያትም አልደበቀችንም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አላት። ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፤ ከጋቢው ሥር ግን ብርሃን ይታያል። «ሲስቅ እሰማዋለሁ፤ በምን እንደሚስቅ ግን አላውቅም።»

ወንድማችን በጀርባው የጻፈው አጭር ነው። በእግዚአብሔር ቤት ሲኒማ እንዴት ይከፈታል? ቁጥራችን ጥቂት በሆነበት ከተማ ሰው ምን ይለናል? ዛሬ ስለ እንስሳት ያየ ልጅ ነገ ምን ልይ ይላል? መጨረሻ ላይም «እኔ ልጄን እወዳለሁ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ውድ አንባቢያን፣ በወንድማችን ፍርሃት አትሳቁ። ፍርሃቱ ከእርሱ የጀመረ አይደለም። በአዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው «ሰይጣን ቤት» በሚል ስም ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደነገጠው የከተማው ሰው ነው ያን ስም ያወጣው፤ ያኔ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ድምፅ በአገሩ ገና እምብዛም አይሰማም ነበር። በኋላም በብዙ ጉባኤዎቻችን ሲኒማ መግባት ከመጠጥና ከጭፈራ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነገር ሆኖ ቆየ። ይሁን እንጂ እነዚያው ጉባኤዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ከሉቃስ ወንጌል ተወስዶ የተሠራው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም በአማርኛ ሲመጣ በሜዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረው አሳይተዋል። ከእናንተ መካከል በዚያ ጨርቅ ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ ሰው ይኖራል። እንግዲህ ጨርቅ ይወጠር ወይስ አይወጠር የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ከተመለሰ ቆይቷል። የቀረው ምን ይታይበት፣ ከማን ጋር፣ ካዩ በኋላስ ምን ይደረግ የሚለው ነው። እህታችን የጠየቀችው እርሱን ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ የሥዕል ሙዚየም ከፊልም ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። በኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ በ1935 አይሪስ ባሪ በተባለች ሴት ኃላፊነት የፊልም ክፍል አቋቋመ። ፊልም በዚያን ጊዜ እንደ ተራ መዝናኛ ታይቶ የሚጣል ነገር ነበር፤ ብዙዎቹም ጠፍተዋል። ሙዚየሙ ግን እንደ ሥዕልና እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሊጠበቅ፣ ቁጭ ተብሎም ሊታይና ሊመረመር ይገባዋል አለ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሙዚየሞች ለልጆችና ለወላጆች አጫጭር ፊልሞችን መርጠው ያሳያሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፊልሞቹ አጭር ናቸው፤ በመካከል ቆም ይባላል፤ ልጁ ብቻውን አይገባም፤ አባት ወይም እናት አጠገቡ ይቀመጣሉ። እኔ ትልቁን ነገር የማየው በዚህች በመጨረሻዋ ሕግ ላይ ነው።

በአገራችንም የሥዕል ሙዚየም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ሲሆን፣ በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» በሚለው ቀይ ሥዕሉ ፊት የቆመ አማኝ ቶሎ የሚሄድ አይመስለኝም። በመካኒሳ ደግሞ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አለ። የዞማ ግድግዳ የተሠራው ከጭድና ከጭቃ ነው፤ በስማዳና በጋይንት ገበሬው ቤቱን በሚመርግበት ነገር ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ያህል አይደለም። በወገዳ የሥዕል ሙዚየም የለም። ነገር ግን ሙዚየም የሚያሰኘው እብነ በረድ ቢሆን ኖሮ ዞማ ሙዚየም ባልተባለ ነበር። የጭቃ ግድግዳም በኖራ ከተቀባ ከአንሶላ የተሻለ ሥዕል ይቀበላል፤ አንሶላ በነፋስ ይንቀሳቀሳልና።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ጎንደር ተወልዶ ያደገው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ (የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ ጸሐፊና ተውኔት ደራሲ ነበሩ) በልጅነቱ ስላያቸው ፊልሞች በቃለ ምልልስ የተናገረው ነገር አለ። በጎንደር ሲኒማ ቤት የታርዛን ፊልም ሲታይ እርሱና ጓደኞቹ ሙሉ በሙሉ ከታርዛን ጋር ነበሩ። ጥቁሮቹ ከኋላው ሲመጡበት «መጡልህ፣ ተጠንቀቅ!» ብለው ይጮሁለት ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ የጎንደር ልጆች ራሳቸውን የሚመስለውን ሰው ጠላት አድርገው፣ ለማያውቃቸው ነጭ ሰው ሲጨነቁ። ያ ልጅ አድጎ በአሜሪካ ፊልም ተምሮ «ምርት 3000 ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1976፣ «ጤዛ»ን በ2008 ሠራ። ያየውን የመረመረው ግን ካደገ በኋላ ነው። በዚያች ማታ «አንተ ማንን መሰልህ? ለምንስ ለእርሱ ጮኽህ?» ብሎ የጠየቀው ትልቅ ሰው ከአጠገቡ እንደ ነበረ አልነገረንም።

ወላጆች ሆይ፣ ከጋቢው ሥር ያለው ልጅም እንዲሁ ለአንድ ሰው እየጮኸ ነው። ለማን እንደሚጮህ የምታውቁት አብራችሁ ስታዩ ብቻ ነው። ስልኩን መንጠቅ ይቻላል፤ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ አባት ከነስልኩ ሲመጣ ግን ሌላ ስልክ ቤት ይገባል፤ የጎረቤት ልጅም አለው። ነጠቃው የሚያቆየው ሳምንት ነው። እግዚአብሔር በዘዳግም ምዕራፍ 6 ለወላጆች የሰጠውን ትእዛዝ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ስለ ቃሉ ከልጆች ጋር መነጋገር ያለብን በቤት ስንቀመጥም በመንገድ ስንሄድም ስንተኛም ስንነሣም ነው። ልጁ በሚተኛበት ሰዓት ከእርሱ ጋር የሚነጋገረው ስልኩ ከሆነ ሰዓቱን ለሌላ ሰጥተነዋል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አጭር ፊልም? ለኦስካር ሽልማት የሚወዳደር አጭር ፊልም ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ብዙዎቹ አሥር ደቂቃም አይሞሉም። ልጅ ሳይሰለች፣ እናት ከሥራዋ ሳትዘገይ ያልቃል፤ ከሁሉም በላይ ለወሬ ጊዜ ይተርፋል። የጌታ ምሳሌዎችም አጫጭር ነበሩ። የጠፋው ልጅ ታሪክ (ሉቃ. 15፥11-32) ሃያ ሁለት ቁጥር ነው፤ ታላቁ ወንድም በመጨረሻ ይግባ አይግባ ሳይነገረን ያበቃል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው ስለ ድሀውና ስለ አንዲት በግ (2ኛ ሳሙ. 12፥1-4) ደግሞ አራት ቁጥር ብቻ ነው። ናታን ታሪኩን ነግሮ ዝም አለ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ፈረደ፤ ፍርዱ በራሱ ላይ እንደ ሆነ የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ግን ፊልሙ ሳያልቅ «አያችሁ ልጆች፣ ይህ የሚያስተምረን…» ማለት እንወዳለን። እባካችሁ ናታንን ምሰሉ። ልጁ መጀመሪያ ይቆጣ፤ መጀመሪያ ይፍረድ።

ምን እናሳይ ለሚለው የሚከተሉትን አስበናል።

ለሕፃናት ከአገር ቤት ከተገኘ ይበልጣልና «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እንመርጣለን። ፀሐይ የተባለችው የቀጭኔ አሻንጉሊት በቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያዘጋጇትም ባልና ሚስት ናቸው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን። ሥራውን የጀመሩት በቤታቸው ሲሆን በኋላ በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ተዘጋጅቷል። ብሩክታዊት በዚሁ ሥራዋ በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስ ሽልማት ተቀብላለች። (የወገዳው ወንድማችን ይህን ሲያነብ ከሚስቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ከመጻፍ ሌላ ምን አብረው መሥራት እንደሚችሉ ያስብ ይሆናል።)

ከፍ ላሉት «ቀዩ ፊኛ» የተባለ የፈረንሳይ ፊልም አለ። አልበር ላሞሪስ በ1956 የሠራው ሲሆን 34 ደቂቃ ነው። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ አያሻም። አንድ ትንሽ ልጅ በመንገድ መብራት ላይ የታሰረ ቀይ ፊኛ አግኝቶ ይፈታዋል፤ ፊኛውም እንደ ውሻ ይከተለዋል። አያቱ በመስኮት ብታስወጣውም አይሄድም። በኋላ የሰፈሩ ልጆች ይቀኑና አሳድደው በወንጭፍ ይመቱታል። የሚቀጥለውን አልነግራችሁም። ልጁን ሆኖ የሠራው የዳይሬክተሩ የገዛ ልጁ ፓስካል ነው፤ አባት ልጁን በፓሪስ ኮረብታ መንገዶች ላይ እየተከተለ ያነሣው ፊልም ነው እንግዲህ። ልጆቻችሁን «ወንጭፉን የያዙትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው ያስደነግጣችሁ ይሆናል፤ ከተማረበት ክፍል ስም የሚጠራ ልጅ ይኖራል፤ የራሱን ስም የሚጠራም ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ብቻ ነው፤ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ ይታይ። «ጎረቤታሞች» እንበለው። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ያስወጣው፣ ኖርማን ማክላረን በ1952 የሠራው የስምንት ደቂቃ ፊልም ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። በሁለቱ ቤት ድንበር ላይ አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም ያሸቱዋታል፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ከዚያ አጥር ይመጣል፤ አበባዋ በማን በኩል ናት የሚል ጥያቄ ይነሣል። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ጨዋ የነበሩት ሰዎች አውሬ ይሆናሉ፤ ቤት ያፈርሳሉ፤ ሚስትና ሕፃን ሳይቀር ይመታሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አበባዋም ትረገጣለች። ሲያበቃ ጎረቤትህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ በብዙ ቋንቋ ይጻፋል። ማክላረን ይህን የሠራው ቻይና ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው። ተዋንያኑን እንደ አሻንጉሊት አንድ አንድ ፎቶ እያነሣ ስላንቀሳቀሳቸው አካሄዳቸው ያስቃል፤ ሰው እየሳቀ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል። የሴቶቹና የሕፃናቱ ቦታ እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ለጥቂት ዓመታት ተቆርጦ ወጥቶ እንደ ነበርም እወቁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት።

በእናንተ አገር ይህን ፊልም ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ክንድ ድንበር ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ፣ በአንድ ቦይ ውኃ ወንድሙን ያኮረፈ ሰው በየቀበሌው አለ፤ በጉባኤያችን ውስጥም አለ። ሽማግሌ ልኮ ያልታረቀ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከባላጋራው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢያየው ምን ይሆናል? ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ አግዳሚ ላይ ለማስቀመጥ የምጸልይ ሰው ነኝ።

ወንድማችን «ሰው ምን ይለናል» ላለው መልሳችን ይህ ነው። በሩ ክፍት ይሁን። ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ይነገር። የጎረቤቶቻችሁ ልጆች መምጣት ቢፈልጉ፣ እነርሱም በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ወላጆቻቸው ይጠየቁ፤ ከተቻለም አብረው ይምጡ። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ ለፊልም ብሎ ጠርቶ ስብከት ማሸሽ ሐቀኝነት አይደለም። ስብከት ካለ ስብከት አለ ተብሎ ይጠራ። የቀጭኔ ፊልም ከሆነ የቀጭኔ ፊልም ይሁን። እናቲቱ ልጇን በማግሥቱ «ምን አየህ?» ብላ ስትጠይቀው የሚሰጣት መልስ እናንተ ከነገራችኋት ጋር መግጠም አለበት። በትንሽ ከተማ ያለን ስም በዚህ ይጠበቃል።

«ዛሬ እንስሳ፣ ነገ ምን?» ላለውም፣ ነገ የሚመርጠው ማን እንደ ሆነ ይወሰን። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ቢቻል አንድ ባልና ሚስት ያሉበት፣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያዩ አይታይ። «ጓደኛዬ ጥሩ ነው ብሎኛል» የሚባል ፊልም በአዳራሹ አይከፈት።

ልጁን በተመለከተ ለእህታችን አንድ ነገር እንላለን። ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን እርሱ ያንቀሳቅስ። ገመዱን ይዘርጋ፤ ድምፁን ይሞክር፤ ከምርጫው ኮሚቴ ጋርም ተቀምጦ ይይ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ አይሆንም ሲባል ምክንያቱን ይስማ፤ የእርሱም ምክንያት ይሰማ። አባቱ ከአጠገቡ ይቀመጥ። ወንድማችን፣ አንተ መጀመሪያ ጠይቀው፤ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በለው፤ ከዚያ የፈለገውን ያህል ጊዜ ዝም ቢል ጠብቀው።

ባልና ሚስትም ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። እናንተ የት ላይ ሳቃችሁ? የት ላይ ዓይናችሁን ዞር አደረጋችሁ? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በፓሪስ የሉሚየር ወንድማማቾች ለከፋይ ሕዝብ ካሳዩአቸው አሥር ፊልሞች አንዱ፣ አንድ አባትና እናት ሕፃን ልጃቸውን ሲያጎርሱ የሚያሳይ ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አባትየው ከወንድማማቾቹ አንዱ ኦጉስት ነው፤ እናቲቱ ሚስቱ ናት። ሲኒማ በዓለም ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ መካከል የቤተሰብ ማዕድ ነበረበት። በዚያች ደቂቃ ጀምሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስማማለሁ፤ በነፃ ይገኛልና፤ ሕፃን ያላቸውም ሁሉ ሲስቁ ታያላችሁ።

ጥቂት ስለ ዝግጅቱ። ክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ካለፈበት ሁኔታ አንጻር ማታ መሰብሰብ ሁልጊዜ አይቻል ይሆናል፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መስኮቶቹን በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ በቀን ማሳየት ትችላላችሁ። ፊልሞቹን አስቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ፤ በኔትወርክ አትተማመኑ። «ጎረቤታሞች»ን የካናዳው ፊልም ቦርድ በራሱ ድረ ገጽ በነፃ ያሳያል፤ ፀሐይም በዩቲዩብ ትገኛለች። «ቀዩ ፊኛ» ግን ባለ መብት አለው፤ በስርቆት የተቀዳ ፊልም በአዳራሻችን ባይታይ መልካም ነው፤ የሚገዛላችሁ ዘመድ ፈልጉ። ድምፁ ከሥዕሉ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ደህና ስፒከር ተዋሱ። ጠቅላላው ከአርባ ደቂቃ አይብለጥ። ለልጆቹ ወረቀትና እርሳስ ይኑር፤ የሣሉትንም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለሳምንት ስቀሉት።

መብራት በመካከል ከጠፋ ልጆቹን አትበትኑ። ከመካከላቸው አንዱ የቀረውን እንደ መሰለው ይጨርስ፤ ሌላውም የራሱን ይጨምር። መብራቱ ሲመጣ የማን ታሪክ እንደ ተሻለ ተከራከሩ፤ ልጆቹ ያሏችሁንም ጽፋችሁ ላኩልን፤ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።